ጠዋት ድር የማይታይበት ማሳ፦ ችግርና መፍትሄ

በመስከረም መጨረሻ ጤዛው ሳይረግፍ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ሄዳችሁ ስንዴ ማሳ ዳር ቁሙ። ሸረሪት ያለበት ማሳ ድሩ በጤዛ ነጥቶ ይታያል። ምንም ካልታያችሁ ጠባቂው አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሸረሪት ሰብል አትበላም፤ የምትበላው ክሽክሽ (የሰብሉን ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) እና ዝንብ ነው።

ምልክት፦ መርዝ ተረጭቶ ክሽክሹ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ

ብዙ ሰው "መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው" ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን እውነተኛውም ቢሆን ያገኘውን ሁሉ የሚገድል ከሆነ ክሽክሹንም ሸረሪቷንም አብሮ ይጨርሳል። የተረፈች አንዲት ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች። አየሩ ሲስማማቸው ልጆቿም በሳምንት በአሥር ቀን መውለድ ይጀምራሉ። ሸረሪት ግን ከእንቁላል ወጥታ እስክታድግ ወራት ይፈጅባታል። ክሽክሹ ቀድሞ ይደርሳል፣ የሚበላው የለም።

*መፍትሄ፦* በጎረቤት ወሬ አትርጩ። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ዙሩ፣ ቅጠል ገልብጡ። ክሽክሹ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ እሱን ጥግ ብቻ ርጩ፤ ድንበሩን ተዉት። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ለአረም ቱፎርዲ ሲረጩ "መቼስ አንዴ ታንከሩን ተሸክመናል" ብሎ የነፍሳት መርዝ መቀላቀል ነው። ተባይ ሳይታይ የሚገደለው ሸረሪቱ ነው።

ምልክት፦ ሸረሪት ዳር ዳር አለ፣ መሃሉ ባዶ ነው

ይሄ የማረሻ ሥራ ነው። ጤፍ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ድር የማታደራ፣ መሬት ላይ ሮጣ የምታድን ሸረሪት አለች። የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ሲፈለፈሉም ጀርባዋ ላይ ታዝላቸዋለች። መሬቱ በተገለበጠ ቁጥር መጠለያዋ ይፈርሳል። ተመልሳ የምትመጣው ከድንበር ነው። ትንንሾቹ ደግሞ ክር ለቀው በነፋስ ይመጣሉ። ሁለት ትልም ለማትረፍ ድንበሩን ካረሳችሁት ግን ከየት ይምጡ?

*መፍትሄ፦* የድንበሩንና የእርከኑን ሣር በማረሻ አትንኩት። ለከብት ስታጭዱም ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ እጨዱ። ከአጨዳ በኋላ የቀረውን አገዳ አታቃጥሉ። ከብት አይግባበት ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ይግባ፣ እሳት ግን አይግባ። ከስንዴው አጠገብ ባቄላ ወይም ምስር ካለ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲታጨድ ወደ ሌላው ይሸሻሉ።

ምልክት፦ ሸዋሮቢት ያለው ቲማቲም ቅጠሉ ሥር ድር አለው፣ ቅጠሉም እየነጣ ነው

ይሄ ሸረሪት አይደለም። ቅጠል የሚመጥ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታይ ቅንቅን ነው። ተራ የነፍሳት መርዝ ጠላቶቹን ገድሎ ያበዛዋል። ክፉኛ የተጎዳውን ቅጠል ቀንጥሳችሁ ከማሳው አውጡ፤ ከባሰ ለቅንቅን ብቻ የተሠራ መድኃኒት ጠይቁ።

ለውጡን ለማወቅ

የውሃ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ አፉን ከመሬቱ ጋር አስተካክላችሁ ቅበሩ። ሳሙና የነካው ትንሽ ውሃ ጨምሩበት። ከላይ ለዝናብ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠጠር ከፍ አድርጋችሁ ክደኑ። አንዱን ድንበር አጠገብ፣ አንዱን መሃል። በሦስተኛው ቀን የገቡትን ሸረሪቶች ቁጠሩና ጻፉት። የሚመጣው ዓመት እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሳምንት ድገሙት።