በረዶ የካርቦን 14ን ዕድሜ የሚያርመው እንዴት ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ካርቦን 14 እንደ እንጨትና አጥንት ያለ፣ በሕይወት የነበረ ነገር ዕድሜ የሚለካበት ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ነው፤ በረዶውን ግን በእሱ ልንለካ አይደለም። ከበረዶው የምንፈልገው ቤሪሊየም 10 የሚባለውን ሌላ ራዲዮአክቲቭ አቶም ነው።

ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር አየሩን ሲመታ ይፈጠራሉ። ከዚያ መንገዳቸው ይለያያል። ካርቦኑ ከአየር ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ አየር፣ ደግሞ ወደ ባሕር ሲዞር ይኖራል፣ ቤሪሊየሙ ግን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ወርዶ በረዶው ውስጥ ይቀበራል። ስለዚህ ጨረሩ በየዘመኑ ምን ያህል እንደነበር የሚነግረን እሱ ነው። ይህን የምንፈልገው በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥና ላብራቶሪ የሚሰጠን የዕድሜ ቁጥር ሳይታረም እንዲሁ ስለማይታመን ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ከግሪንላንድ ተቆፍሮ ከወጣ የበረዶ ዘንግ ላይ ቁራጭ በመጋዝ ውሰዱ። የውጭ ገጹን ፋቁት፣ እጅና መሣሪያ የነካው ነው። ቁራጩ ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ ሳታቀልጡት ጻፉ፤ ከቀለጠ በኋላ ሁሉም ውኃ ነው! በአንድ ግራም በረዶ ውስጥ የሚገኘው ቤሪሊየም 10 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አቶም ቢሆን ነው፣ ለኬሚስት ይህ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ መጠኑን የምታውቁትን ተራ ቤሪሊየም ጨምሩበትና አቅልጡት፣ አጣሩት፣ ደረቅ ዱቄት አድርጉትና አቶሞችን አፍጥኖ በሚቆጥር መሣሪያ፣ በአክስለሬተር፣ ለኩት።

አሁን በረዶውም ዛፉም ላይ የሚታይ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ምልክት ፈልጉ። የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. የ775ቱ ዝላይ ነው። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ፉሳ ሚያኬና ባልደረቦቿ በ2012 በጃፓን ዛፍ ቀለበት ውስጥ ካርቦን 14 በአንድ ዓመት ውስጥ 1.2 በመቶ ያህል ዘሎ አገኙት። በረዶው ውስጥም ቤሪሊየም 10 እንደዚያው ዘሏል። የሚያስቀው፣ በ2015 ሁለቱ ሲተያዩ የግሪንላንድ በረዶ አቆጣጠር በ7 ዓመት ስቶ ተገኘ። አራሚ ተብሎ የመጣው ራሱ ታረመ! የዛፍ ቀለበት ሳይቋረጥ በሚቆጠርበት ዘመን ዳኛው ዛፉ ነው። የበረዶው ተራ የሚመጣው ከዛሬ 12 ሺህ ዓመት በፊት ለነበረው ዘመን ነው፤ እዚያ ቀለበቶቹ እየተቆራረጡ ቦታቸው ይጠፋል፣ በቤሪሊየሙ ከፍታና ዝቅታ ግን ቦታ ቦታቸው ማስገባት ይቻላል።

ሁለቱን መስመሮች ግን እንዳሉ አትደራርቡ። የካርቦኑ መስመር ባሕሩ ስለሚያዘገየውና ስለሚያለሰልሰው፣ ቤሪሊየሙን መጀመሪያ በካርቦን ዑደት ሞዴል፣ ማለትም ካርቦን በአየር፣ በዛፍና በባሕር መካከል የሚዞርበትን በሚያስመስል ስሌት፣ አሳልፉት። የግሪንላንዱንም ከአንታርክቲካው ጋር አስተያዩት፤ የአንድ አካባቢ የበረዶ አጣጣል ሊያሳስት ይችላል።

ጥቅሙን ማየት የፈለገ ካናዳን፣ ኒውፋውንድላንድን ይመልከት። ከሰሜን አውሮፓ የመጡት መርከበኞች፣ ቫይኪንጎች፣ እዚያ በብረት የቆረጡት እንጨት ውስጥ እንደ 775ቱ ያለ ሌላ የካርቦን 14 ዝላይ፣ የ993ቱ፣ ተገኘ። ይህም ዝላይ በበረዶው ውስጥ አለ። ከዚያ ቀለበት እስከ ቅርፊቱ 28 ቀለበት ተቆጠረ፤ ዛፉ የተቆረጠው በ1021 ነው ማለት ነው፣ ያለ ምንም «ገደማ»። ቅርፊቱ ተልጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ቆጠራ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ናሙና ስትሰበስቡ ቅርፊቱን አደራ።