በሐይቅ ዳርቻ የቅይጥ አገልግሎት ግንባታ ንድፍ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

መኖሪያን፣ ሱቅን፣ ቢሮንና ሆቴልን አጣምሮ በውኃ ዳርቻ የሚሠራ ሰፈር ለባለሀብትም ሆነ ለከተማ አስተዳደር በመጀመሪያ የሚቀርበው ከአየር ላይ በታየ ውብ ምስል ነው። በዚያ ምስል ላይ ውኃው ሰማያዊና ጸጥ ያለ፣ ዳርቻውም ከቦታው የማይነቃነቅ ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት የሕንፃዎቹ ቁመትና መልክ አስቀድሞ ከጸደቀ በኋላ ስለ መሬቱ ከፍታ፣ ስለ ዳርቻውና ስለ ምድር ወለሉ ማሰብ ስለሚጀመር ነው፤ ሥራው መጀመር የነበረበት ግን ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

ዳርቻውን እንደ ቋሚ ድንበር መቁጠር

የጣና ሐይቅ ከክረምቱ መግቢያ እስከ መስከረም ማብቂያ ባለው ጊዜ ብቻ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ በሚል ለጥ ያለ ዳርቻ ላይ የውኃውን ጠርዝ 150 ሜትር ያህል ያስገባዋል ወይም ያሸሸዋል። የዓባይ መውጫ በመቆጣጠሪያ ግድብ ሥር ከዋለ ወዲህ ደግሞ ከፍታውን የሚወስነው ዝናብ ብቻ ሳይሆን የኃይል ማመንጫዎቹም ፍላጎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ውኃው ባልተለመደ ሁኔታ በመሸሹ የጀልባ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ጠባይ ከዚህ ይለያል። ወደ እርሱ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ከትነትና ወደ ከርሰ ምድር ከሚሰርገው የተረፈው እዚያው ይጠራቀማል፣ ከተማውን ከሙላት ለመጠበቅም በዳርቻው የአፈር ክትር መሥራት ግድ ሆኗል። በአንድ የበጋ ወር ተለክቶ የተነሣ ካርታ ከእነዚህ አንዱንም አያሳይም።

ስለሆነም የመጀመሪያው ሥዕል ፕላን (ከላይ የታየ) ሳይሆን ሴክሽን (ቦታውን ከላይ ወደ ታች ቆርጦ ከጎን የሚያሳይ) ሊሆን ይገባል፤ በእርሱም ላይ በመዝገብ የታወቀው ዝቅተኛና ከፍተኛ የውኃ ልክ፣ የማዕበሉ ጭማሪ፣ የመንገዱና የወለሎቹ ከፍታ አብረው ይሠፍራሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ300 በላይ ነዋሪዎቿን በጎርፍ ያጣችው የጀርመኗ ሀምቡርግ፣ ሀፈንሲቲ የተባለውን 157 ሄክታር የወደብ ሰፈር ከዋናው የጎርፍ መከላከያ ውጭ ስትሠራ በውኃው ጠርዝ ላይ ግድግዳ አላቆመችም። ሕንፃዎቹን ከባሕር ወለል በላይ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሜትር በሚደርስ መደብ ላይ አስቀምጣ፣ የእግረኛ መናፈሻውን ግን ከዚያ ዝቅ አድርጋ ለውኃው አቅራቢያ ተወችው። ማዕበል ሲመጣ መናፈሻው ለጥቂት ሰዓታት ይጥለቀለቃል፤ ነዋሪው በላይኛው መንገድ ይወጣል። የተሽከርካሪ ማቆሚያውም በመደቡ ሆድ ውስጥ ነው፤ ይህም ወደሚቀጥለው ስህተት ይወስደናል።

ቤዝመንቱን በደረቅ መሬት ልማድ መንደፍ

በአዲስ አበባ ሁለትና ሦስት ፎቅ ወደ ታች መቆፈር የተለመደ በመሆኑ፣ ያው ንድፍ ሐይቅ ዳር ላይ እንዳለ ሲደገም ማየት አያስደንቅም። በዳርቻ ግን የከርሰ ምድር ውኃው ከሐይቁ ከፍታ ብዙ አይርቅም። ከውኃ ልክ በታች ያለ እያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ አንድ ቶን ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ሦስት ሜትር ሰምጦ የሚቀመጥን ወለል በራሱ ክብደት ብቻ ለመያዝ አንድ ሜትር ከሃያ ያህል ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይጠይቃል። ከበላዩ አሥር ፎቅ ያለበት ክፍል በክብደቱ ይረጋል፤ አደጋው ያለው ቤዝመንቱ ከሕንፃው አልፎ በአደባባይና በአትክልት ሥር በሚዘረጋበት፣ በላዩ ምንም ጭነት በሌለበት ክፍል ነው። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ስንጥቁ በመገናኛቸው ላይ ይወጣል፣ ውኃውም በዚያው ይገባል። በግንባታ ወቅት ውኃ የሚስቡት ፓምፖች ሕንፃው በቂ ክብደት ሳያገኝ እንዳይቆሙ መጠንቀቅም የንድፍ ሰነዱ አካል መሆን አለበት፤ ለተቋራጩ በቃል የሚነገር ምክር ሆኖ መቅረት የለበትም። የተሽከርካሪ ማቆሚያውን ቁጥር መቀነስ ወይም ከመንገድ በኩል ከመሬት በላይ አድርጎ በሱቅና በቢሮ መሸፈን በብዙ ሁኔታ ወጪው ያነሰ ነው።

ውኃውን ለመጀመሪያው ረድፍ ብቻ መስጠት

ባለሀብት በዳርቻው ላይ ረጅምና ያልተቋረጠ ሕንፃ የሚፈልገው ብዙ ክፍሎች ውኃ እንዲያዩ ነው፤ ፍላጎቱ ይገባል። ውጤቱ ግን ከኋላ ያለው መሬት ሁሉ ሐይቅ ዳር መሆኑን ማጣቱ ነው፤ ኪሳራውም የሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ቀጣዩን ምዕራፍ የሚሸጠው የራሱ የባለሀብቱም ነው። የካናዳዋ ቫንኩቨር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ወደ ተራሮቹ የሚያሳዩ የዕይታ መተላለፊያዎችን በመመሪያ አስከብራለች፤ በዳርቻዋም ቀጫጭን ማማዎች በዝቅተኛ ሕንፃዎች ላይ ተራርቀው ይቆማሉ፣ የዳርቻው የእግር መንገድም ሳይቋረጥ ያልፋል። በአገራችን የቢሾፍቱን ሐይቆች ያየ ሰው ተቃራኒውን ያውቃል፤ በብዙ ቦታ ውኃውን ለማየት በሆቴል በር መግባት ያስፈልጋል። በሆራ አርሰዲ በየዓመቱ ለኢሬቻ የሚሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚያስታውሰን ሌላም ነገር አለ፦ ዳርቻ ለእሑድ ሽርሽር ብቻ ተለክቶ መነደፍ የለበትም፤ ሰፋፊና ብዙ መውጫዎች ያስፈልጉታል።

አገልግሎቶቹን ደርድሮ «ቅይጥ» ብሎ መጥራት

ሱቅ ከታች፣ ቢሮ ከመካከል፣ መኖሪያ ከላይ ማድረግ በራሱ ቅይጥ ሰፈር አይፈጥርም። የነዋሪው መግቢያ ከሱቅ ደንበኛው ካልተለየ፣ የምግብ ቤቱ ጭስ ማውጫ እስከ ጣሪያው ካልደረሰ፣ የቆሻሻና የዕቃ መኪና የሚቆምበት ቦታ ካልተመደበ፣ ጎረቤታሞቹ በዓመት ውስጥ ይካሰሳሉ። የምድር ወለሉ ቁመት አራት ሜትር ተኩል እና ከዚያ በላይ ቢሆን ዛሬ መኖሪያ የሆነው ነገ ሱቅ ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ሜትር የተሠራ ግን ለዘለዓለም በዚያው ይቀራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ቀድሞ የነበረውን ሥራ ማባረር ነው። በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ጎብኚን የሚስበው ዓሣው፣ አስጋሪውና ወፎቹ ናቸው፤ ዋተርፍሮንት በተባለው የኬፕታውን የወደብ ሰፈርም የዓሣ ጀልባዎችና የመርከብ ጥገና ከሆቴሎቹ ጎን ሥራቸውን ቀጥለዋል። ሽታውና ጫጫታው በእርግጥ አለ፤ መልሱ ቦታውን ለይቶ ማጠቢያና ማቀዝቀዣ ማዘጋጀት ነው።

ሁሉንም ፊት በመስታወት ማልበስ

ሐይቁ ከሕንፃው በየት በኩል እንዳለ ካልተጠየቀ ንድፉ ከሌላ ከተማ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ በመሆኗ ወደ ውኃው የሚያይ ክፍል ሰሜን ያያል፤ ፀሐይ ወደዚያ የምታዘነብለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነው፣ እርሷም ከአናት ስለምትሆን አጭር ጥላ ይበቃል። በሐዋሳ ግን ሐይቁ በምዕራብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋም የውኃው ነጸብራቅም ፊት ለፊት ይመጣሉ፣ አግዳሚ ጥላም ዝቅ ያለችውን ፀሐይ አያስቀርም። እዚያ ጥልቅ በረንዳና ተንቀሳቃሽ ቋሚ መከለያ ያስፈልጋል። ነፋስም እንዲሁ ነው፤ የስዊድኗ ማልሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በከፈተችው የባሕር ዳር ሰፈር ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በውጭ ነፋሱን ሲገቱ፣ በውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ሆን ተብለው ቀጥ እንዳይሉ ተደርገዋል።

ደንገሉን ቆርጦ ግንብ መገንባት

ደንገልና ሌላው የዳርቻ ሣር ለዕይታ ሲባል ሲመነጠር፣ ማዕበልን የሚያበርድ፣ ደለልን የሚይዝና ዓሣ የሚራባበት ክፍል አብሮ ይሄዳል፤ በጣና ለታንኳ ሠሪውም መተዳደሪያው ነው። በዚያ ላይ የሰፈሩ ፍሳሽ ሳይጣራ ሲለቀቅ እምቦጭ የሚመገበውን ንጥረ ነገር እያቀረብን ነው። ጀልባ ማቆሚያውን በተወሰነ ቦታ ሰብስቦ፣ ቀሪውን ረግረግ በእንጨት ድልድይ ብቻ ማቋረጥ ይቻላል፤ የፍሳሽ ማጣሪያውም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጋር ተሠርቶ ማለቅ አለበት።

መጓጓዣውን ለመጨረሻ ምዕራፍ ማቆየት

በለንደን ካናሪ ዋርፍ የተባለውን የቀድሞ ወደብ የቢሮ ሰፈር የገነባው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከስር የንብረት ገበያው መውደቅ ዋነኛ ምክንያት ቢሆንም፣ ቢሮዎቹ ከከተማው እምብርት ጋር በበቂ የባቡር መስመር አለመገናኘታቸው ተከራይ አሳጥቶት ነበር፤ ትልቁ የምድር ውስጥ ባቡር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በእኛ የሐይቅ ዳር ከተሞች እንዲህ ያለ ባቡር ባይኖርም ጥያቄው ያው ነው፦ የታክሲው ተራና የአውቶቡስ ፌርማታው ከዳርቻው ስንት ደቂቃ በእግር ያስኬዳል፣ መንገዱስ ጥላ አለው ወይ? ይህ የሚሳለው ሱቆቹ ከተከራዩ በኋላ ከሆነ፣ ቦታው ለተሽከርካሪ ማቆሚያ ተይዞ ይገኛል።