ዝርዝሩ ሲጣራ ተራው ለምን ይዘበራረቃል?

ለአንድ ስልጠና 40 ቦታ ነበረን። ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይገባል ተባለ። አንዳንዱ እንዳይቀርበት ሰግቶ ሁለቴ ተመዝግቧል። ድግግሞሹን በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) አጠፋሁና የመጀመሪያዎቹን 40 ስሞች ለጠፍኩ። በነጋታው ስልኬ እረፍት አጣ። አንደኛ የተመዘገበችው ልጅ ስሟ የለም!

ምልክቱ፦ ድግግሞሹ ጠፍቷል፣ ተራው ግን ተምታቷል። ኮዱን እንደገና ስታስነሳው ደግሞ ሌላ ተራ ይመጣል።

ምክንያቱ፦ ዝርዝሩን ወደ ሰት (set፣ ድግግሞሽ የማይቀበል ስብስብ) ቀይረህ ወደ ዝርዝር መልሰኸዋል። («ሴት» ብዬ ብጽፈው ሌላ ጣጣ ነው።) ሰት ማን እንዳለ ያውቃል፣ ማን እንደቀደመ ግን አይመዘግብም። ቦታ የሚሰጠው በሃሽ (ከእያንዳንዱ ነገር ተሰልቶ በሚወጣ ቁጥር) ነው። ከፓይተን 3.3 ወዲህ ደግሞ የጽሑፍ ሃሽ ለደህንነት ሲባል ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ይቀያየራል። ከ1 እስከ 10 ባሉ ቁጥሮች ስትሞክረው ግን ተራውን የጠበቀ ይመስላል። እኔም የተሸወድኩት እዚያ ላይ ነው።

«ፓይተንሃሽሲድን 0 አድርገው» (PYTHONHASHSEED፣ የሃሹን መቀያየር የሚቆጣጠር ቅንብር) የሚልህ አይጠፋም። አትስማው። ውጤቱ ሁሌ አንድ ዓይነት ይሆናል እንጂ የምዝገባው ተራ አይመለስም።

መፍትሄው፦ ሰቱን ተወው። ዝርዝሩን ለዲክት.ፍሮምኪስ (dict.fromkeys፣ ስሞቹን ዲክት በሚባል ቁልፍ በማይደግም መዝገብ ውስጥ ቁልፍ ያደርጋቸዋል) ስጠው፣ የወጣውን በሊስት (list) ጠቅልለው። አንድ መስመር ነው። ዲክት የገባበትን ተራ መጠበቁ ከፓይተን 3.7 (2018 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቋንቋው ደንብ ነው።

ምዝገባቸውን የሰረዙትን ማውጣት ስትፈልግስ? ሰት ከሰት አትቀንስ፤ ያው ችግር ይመለሳል። ሰት የምታደርገው የሰረዙትን ብቻ ነው። ዋናውን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች እያየህ፣ ሰቱ ውስጥ የሌለውን ወደ አዲስ ዝርዝር ጨምር። በዋናው ላይ በሉፕ እየዞርክ ሪሙቭ አታድርግ። አንዱ ሲወጣ ተከታዩ ቦታውን ይይዝና ሳይታይ ያልፋል።

ተራው ተስተካክሎም ድግግሞሽ ከቀረ ጥፋቱ የፓይተን አይደለም፣ የአጻጻፋችን ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ስም ሊኖራቸውም ይችላል። ስለዚህ አሁን የማመሳስለው በስልክ ቁጥር ነው፦ በዲክቱ ውስጥ ቁልፉ ስልኩ፣ ዋጋው ስሙ፤ የማስገባውም በሰትዲፎልት (setdefault፣ ቁልፉ ቀድሞ ካለ አይነካውም)፣ መጀመሪያ የገባው እንዲቀር። አንዱ በ09፣ ሌላው በ+251 ስለሚጽፍ ግን መጀመሪያ ክፍተቱን አጥፋና የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ውሰድ።