የአፕል ዛፍ ግራፍቲንግ፦ ከቀንበጥ መሰብሰብ እስከ ማጣበቅ

የበላችሁት አፕል ጣፍጧችሁ ዘሩን ብትተክሉት ይበቅላል። የሚበቅለው ግን ያው አፕል አይደለም። አብዛኛው የአፕል ዝርያ በራሱ የአበባ ዱቄት በደንብ አያፈራም፤ ከሌላ ዝርያ ዛፍ ይፈልጋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዘር ውስጥ የሁለት ወላጆች ቅልቅል አለ። ከአንድ ፍሬ የወጡ አምስት ዘሮች አምስት የተለያዩ ዛፎች ይሆናሉ፤ የብዙዎቹም ፍሬ ትንሽና ጎምዛዛ ነው። አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውስትራሊያ ውስጥ በማሪያ አን ስሚዝ እርሻ ላይ በአጋጣሚ የበቀለ አንድ ችግኝ ነበር። ዛሬ ያለው ግራኒ ስሚዝ ሁሉ መነሻው ያ አንድ ዛፍ ነው። እስከ ዛሬ የተባዛውም በዘር ሳይሆን በቀንበጥ ነው።

ግራፍቲንግ ይኸው ነው። የምትወዱትን ዛፍ ቀንበጥ ትቆርጣላችሁ፣ ሥር ባለው ሌላ ግንድ ላይ ታጣብቃላችሁ። ከላይ የሚቀመጠው ቀንበጥ ሳዮን ይባላል። ሥሩን የሚሰጠው የታችኛው ደግሞ ሩትስቶክ ነው። ፍሬው የሳዮኑ ነው። የዛፉን ቁመት፣ ቶሎ ማፍራቱንና አፈሩን መቻሉን በአብዛኛው የሚወስነው ግን ሩትስቶኩ ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚፈራው በቢላው ምክንያት ነው። ቢላው በልምምድ ይመጣል። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ሳዮኑ እንቅልፍ ላይ እያለ፣ ሩትስቶኩ ደግሞ ሲነቃ መገናኘት አለባቸው። ሳዮኑ ቀድሞ ከነቃ ቅጠል ያወጣል። ቅጠሉ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ የሚያመጣለት ሥር ግን ገና አልተያያዘውም። ስለዚህ ጠውልጎ ይቀራል። ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ነገር ግማሹ ይህ እንዳይሆን ለመከላከል ነው።

መጀመሪያ ሩትስቶክ

ሩትስቶክ ከችግኝ ጣቢያ ይገኛል። ስማቸው ፊደልና ቁጥር ነው፤ ብዙዎቹ የወጡት እንግሊዝ አገር ኢስት ሞሊንግ ከሚገኘው የምርምር ጣቢያ ነው። ኤም 9 ዛፉን አጭር ያደርገዋል፤ ከ2 እስከ 3 ሜትር አካባቢ። ቶሎ ያፈራል፣ ሥሩ ግን ደካማ ስለሆነ ዕድሜ ልኩን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ኤምኤም 106 መካከለኛ ቁመት አለው፤ ለግቢ ይመቻል፣ ውሃ የሚተኛበት አፈር ላይ ግን የግንዱ ሥር ይበሰብሳል። ኤምኤም 111 ከፍ ያለ ዛፍ ይሰጣል፣ ድርቅንም ይችላል። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ቁመቱን ሳትጠይቁ አትግዙ።

ከዘር የበቀለ የአፕል ችግኝም ሩትስቶክ ይሆናል። ዛፉ ትልቅ ይሆናል፣ ለማፍራትም ዓመታት ይፈጃል። ሌላው አማራጭ ግቢያችሁ ውስጥ ያለ፣ ፍሬው የማያስደስት ዛፍ ነው። እሱን ነቅሎ ከመጣል አናቱን ቆርጦ ሌላ ዝርያ መጫን ይሻላል፤ ሥሩ የዓመታት ሥራ ሠርቶ ጨርሷል።

ሳዮን መሰብሰብ

ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሲያርፍ፣ ዓይኖቹ (ቅጠል ወይም አበባ የሚወጣባቸው ትንንሽ እንቡጦች) ሳያብጡ በፊት ሰብስቡ። ብርድ ያለበት ወቅት መጨረሻው አካባቢ ጥሩ ነው፤ ማቆያው ጊዜ ያጥራል። ቅዝቃዜ በማይበረታበት ቦታ ዛፉ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ላይጥል ይችላል። ያኔ ዓይናቸው ጠንካራና የተዘጋ ቀንበጦችን ምረጡ፤ የቅጠሉን አገዳ ትንሽ አስቀርታችሁ ቅጠሉን ቁረጡ።

የሚፈለገው ባለፈው የዕድገት ወቅት የወጣ የአንድ ዓመት ቀንበጥ ነው። እንዴት ይለያል? ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተሸበሸበበት ቀለበት ታገኛላችሁ። ከዚያ በፊት የነበረው ወቅት ዕድገት የቆመበት ምልክት ነው። ከቀለበቱ በላይ ያለው የአንድ ዓመት ነው፤ ከሱ በታች ያለውን ተዉት። ውፍረቱ እርሳስ ያህል ይሁን፣ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር። ፀሐይ ከሚያገኘው የዛፉ ጎን ውሰዱ። ዓይኖቹ ጠፍጣፋና ከእንጨቱ ጋር የተጣበቁ ይሁኑ። ወፈር ብለው ክብ የሆኑት የአበባ ዓይኖች ናቸው፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ከቀንበጡ ምርጡ መሃሉ ነው። ጫፉ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ከታች ያሉት ዓይኖች ደግሞ ደካማ ናቸው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሁለቱንም ጫፍ ማጣበቂያው ቀን ታስተካክላላችሁ።

የታመመ ዛፍ ላይ አትድረሱ። ቅርፊቱ የቆሰለ፣ ጫፉ በእሳት የተለበለበ መስሎ የጠቆረ፣ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዝንጉርጉር የነበረበት ዛፍ ይቅርባችሁ። ቫይረስ በግራፍቲንግ ይተላለፋል፤ አንዴ ከገባ ዛፉን የሚያድን መድኃኒት የለም። መቀሱንም ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄዱ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት። በነገራችን ላይ አዳዲስ ዝርያዎች ላይ የባለቤትነት መብት ሊኖር ይችላል። ከሆነ ያለ ፈቃድ ማባዛት አይቻልም። የቆዩት ዝርያዎች ይህ ችግር የለባቸውም።

ስማቸውን እዚያው ዛፉ ሥር ጻፉ። ቀንበጥ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው፤ ቤት ስትደርሱ የትኛው ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ ማወቅ አትችሉም። በማይለቅ ማርከር ፕላስተር ላይ ጽፎ መለጠፍ ይበቃል።

ማቆየት

ቀንበጦቹን እርጥብ ግን ውሃ በማይንጠባጠብ ጨርቅ ወይም ወረቀት ጠቅልሉ። በፌስታል አድርጋችሁ አፉን እሰሩና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ማቀዝቀዣው ክፍል እንጂ በረዶ ቤቱ አይደለም። ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተስማሚ ነው። በዚህ መልኩ ሁለት፣ ሦስት ወር ይቆያሉ።

አንድ ነገር አደራ፦ ፍራፍሬ ባለበት ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ። አፕልና ሙዝ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ የሳዮኑን ዓይኖች ሊገድል ይችላል። ፍሬውን ለጥቂት ሳምንታት ከፍሪጅ ማውጣት ይቀላል። አልፎ አልፎ ከፍታችሁ እዩ። ሻጋታ ካለ ጨርቁ ከመጠን በላይ ረጥቧል ማለት ነው። ቅርፊቱ ከተሸበሸበ ደርቋል።

መቼ ነው የሚጣበቀው?

የሩትስቶኩ ዓይኖች አብጠው አረንጓዴ ጫፍ ማሳየት ሲጀምሩ። ቀኑ ሞቅ ማለት አለበት፤ ከ10 ዲግሪ በታች ቁስሉን የሚያሽረው ሕዋስ በጣም በዝግታ ነው የሚያድገው። ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀትም ይጎዳዋል። ንፋስና ጠራራ ፀሐይ የሌለበት ቀን ምረጡ፣ ሳዮኑንም የምትሠሩበት ሰዓት ሲደርስ ብቻ ከፍሪጅ አውጡ።

ሳዮኑ በሕይወት መኖሩን ለማየት ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉ። ብሩህ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ ጣሉት።

ቁርጡ

የሚያስፈልጋችሁ የዛፍ መቀስ፣ በደንብ የተሳለ ቢላ ወይም ሴንጢ፣ ማሰሪያና መድፈኛ ሰም ነው። ለማሰሪያ የግራፍቲንግ ቴፕ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በቀጭኑ የተቆረጠ ፌስታል ወይም የብስክሌት ካላማዳሪያ ይሠራል። በቢላው ላይ ግን አትደራደሩ። ደነዝ ቢላ እንጨቱን ይጨፈልቃል፣ ፊቱንም ሻካራ ያደርገዋል። ደግሞ እጅ የሚቆርጠው ደነዙ ነው፤ ስለምትገፉት ያመልጣል። ቢላ በማይዘው እጃችሁ ላይ ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ አውራ ጣታችሁም ከስለቱ መንገድ ውጭ ይሁን።

አሁን የሁሉ ነገር ቁልፍ ወደሆነው እንምጣ። ቅርፊቱን ስትልጡ አረንጓዴ ሽፋን ታያላችሁ። ይህ ሽፋን ከነጩ እንጨት ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ካምቢየም የሚባል እጅግ ስስ የሕዋስ ንብርብር አለ። ዛፍ የሚወፍረው በሱ ነው፤ ሁለት እንጨት አንድ የሚያደርገውም እሱ ነው። የሳዮኑ ካምቢየም የሩትስቶኩን ካምቢየም መንካት አለበት። ሌላው ሁሉ ቢያምር ይህ ካልተነካካ አይይዝም።

ሁለቱ እኩል ውፍረት ካላቸው የምመክረው ባለ ምላሱን ግራፍት ነው። ሩትስቶኩን ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ ቢላውን ከታች ወደ ላይ በአንድ ስበት አውጡ፤ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር የሚረዝም ሰያፍ ፊት ይወጣል። እጃችሁን ከትከሻ ሳቡት እንጂ አንጓችሁን አታዙሩ፤ አንጓ ሲዞር ፊቱ ይጎደጉዳል። የሳዮኑንም ታችኛ ጫፍ በዚያው ርዝመት ቁረጡ። ሁለቱን አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱ። መሃላቸው ብርሃን ካሳለፈ በስሱ ደግማችሁ ቁረጡ።

ምላሱ ቀጥሎ ይመጣል። ከሰያፉ ሹል ጫፍ ሲሶ ያህል ወረድ ብላችሁ፣ ከሰያፉ ፊት ጋር ተቀራራቢ በሆነ አቅጣጫ ወደ እንጨቱ ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ያህል ሰንጥቁ። ቢላውን በኃይል ሳትገፉ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ አስገቡ። በሳዮኑም ላይ እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ ምላስ ለምላስ አቆላልፋችሁ ግፉ። በትክክል ከገጠመ ብትለቁትም አይወድቅም። የተቆረጠውን ፊት በጣት አትንኩ፣ እንዲደርቅም ጊዜ አትስጡት።

ሳዮኑ ከሩትስቶኩ ከቀጠነ ወደ አንድ ጎን አስጠጉት። መሃል ላይ ማስቀመጥ ለዓይን ያምራል፤ ግን በሁለቱም በኩል ካምቢየሙን ትስታላችሁ። በአንድ ጎን መገናኘቱ ይበቃል።

ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ መጋጠሚያው ምንም ክፍተት አይታይበት። ሳዮኑ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ብቻ አስቀሩ፣ ከላይኛው ዓይን ጥቂት ከፍ ብላችሁ ቁረጡና ጫፉን በሰም ድፈኑ። ሳዮኑ እስኪያያዝ የሚኖረው በያዘው ውሃ ብቻ ነው። ሳይደፈን የቀረ ጫፍ ያንን ውሃ ያስወጣዋል።

ለትልቅ ዛፍ

ግንዱ ወይም ቅርንጫፉ ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው ሽብልቅ ግራፍት ይሻላል። ቅርንጫፉን በመጋዝ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ መሃሉን በጠንካራ ቢላና በመዶሻ 5 ሴንቲሜትር ያህል ሰንጥቁ። ስንጥቁን በትንሽ ሽብልቅ ከፍታችሁ ያዙት። የሳዮኑን ታችኛ ጫፍ በሁለት ወገን ጠርባችሁ እንደ ሽብልቅ አሹሉት፤ በአንዱና በሌላው የስንጥቁ ዳር አንድ አንድ ሳዮን አስገቡ። የትልቁ ግንድ ቅርፊት ወፍራም ስለሆነ ሳዮኑ ከውጭ ጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። አንዳንዶች ሳዮኑን በጥቂቱ ያዘነብሉታል፤ ካምቢየሞቹ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ መሻገራቸው አይቀርም። መያዣውን ሽብልቅ ስታወጡ እንጨቱ ራሱ ነክሶ ይይዛቸዋል። የተቆረጠውን አናት ሁሉ፣ ስንጥቁንም ጭምር፣ በሰም ሸፍኑ። ሁለቱም ከያዙ በሚቀጥለው ዓመት ደካማውን ቁረጡ።

ትልቅ ዛፍ ሙሉ በሙሉ በአንድ ዓመት አይቀየር። በሁለት፣ ሦስት ዓመት ከፋፍሉት፤ ጥቂት የድሮ ቅርንጫፎች ቅጠል ይዘው ሥሩን ይመግቡ። አንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዝርያ ማስቀመጥም ይቻላል። አበባቸው በአንድ ጊዜ ከፈነዳ እርስ በርስ ያፈራሉ፣ ለጠባብ ግቢ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ

መጋጠሚያው እንደ ተሰበረ አጥንት ነው፤ ካልተነቃነቀ ይሽራል። በሦስት እና በአምስት ሳምንት መካከል ዓይኖቹ መከፈት ይጀምራሉ። ቶሎ መከፈታቸው ግን መያዛቸውን አያረጋግጥም፤ ሳዮኑ በስንቁ ብቻ ጥቂት ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። ቀንበጡ ማደጉን ከቀጠለ ያኔ ይዟል ማለት ነው።

ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ልጅ እያለ በጣት አንሱ። ካልተነሳ ሳዮኑን ቀድሞ ምግቡን ይበላበታል። የማይበሰብስ ማሰሪያ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ላላ ይደረግ፤ ካልሆነ ግንዱ ሲወፍር ይቆርጠዋል። ከሳዮኖቹ ዓይን የወጣውን ጠንካራ ቀንበጥ አስቀሩና ከድጋፍ እንጨት ጋር እሰሩት። በመጀመሪያው ዓመት አበባ ካወጣ ቆንጥራችሁ ጣሉት።

ወደ ቋሚ ቦታው ስትተክሉት መጋጠሚያው ከአፈሩ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከተቀበረ ሳዮኑ የራሱን ሥር ያወጣል፤ ለአጭር ዛፍ ብላችሁ የመረጣችሁት ሩትስቶክም ከንቱ ይሆናል።

ሳዮኑ ከደረቀ ሩትስቶኩን አትንቀሉት። ከመጋጠሚያው በታች የወጣ አንድ ጠንካራ ቀንበጥ አስቀሩ፣ ሌላውን ቁረጡ። በሚቀጥለው ወቅት እሱ እርሳስ ያህል ወፍሮ ይጠብቃችኋል፤ እዚያው ላይ እንደገና ታጣብቃላችሁ።