«ፒክ አፕ» ሁልጊዜ «አነሳ» አይደለም

ትምህርት ቤት «ፒክ አፕ» ማለት «አነሳ» ነው ተብለን ተምረናል። ልክ ነው። መሬት የወደቀ እስክሪብቶም ሲነሳ፣ ስልክም ሲነሳ እንግሊዝኛው «ፒክ አፕ» ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሁሌም አብረው የሚሄዱ ሲመስለን ነው።

እኛ ፎቶም እናነሳለን፣ ጥያቄም እናነሳለን። እንግሊዝኛው ለፎቶ «ቴክ»፣ ለጥያቄ «ሬይዝ» ይላል። «ፒክ አፕ ኤ ፎቶ» ብትሉት ፈረንጁ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ፎቶ ብድግ አድርጎ ያቀብላችኋል።

የባሰው ስህተት ግን «ፒክ አፕ» ማለት ባለብን ቦታ አለማለታችን ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው «ቦሌ መጥተህ ተቀበለኝ» ይላል። ይህን ቃል በቃል ወስዶ «ፕሊዝ ሪሲቭ ሚ አት ዘ ኤርፖርት» ማለት የተለመደ ነው። መልእክቱ ይገባል፤ ግን «ሪሲቭ» ለደብዳቤና ለገንዘብ ነው። ለሰው ሲሆን መሪ በቤተ መንግሥት እንግዳ የሚቀበል ያስመስላል። ለጓደኛ የሚባለው «ካን ዩ ፒክ ሚ አፕ ፍሮም ዘ ኤርፖርት?» ነው። ልጆችን ከትምህርት ቤት ማምጣትም ያው «ፒክ አፕ» ነው፤ ሱቅ ያዘዛችሁትን ዕቃ ሄዶ መውሰድም እንደዚያው። አማርኛው ተቀበል፣ አምጣ፣ ውሰድ እያለ ይለዋውጣል፤ እንግሊዝኛው በአንዱ ይገላገለዋል።

ታዲያ «ፒክ ሚ አፕ ቱ ዘ ኤርፖርት» እንዳትሉ። «ፒክ አፕ» ከየት እንደምትወሰዱ እንጂ የት እንደምትደርሱ አይናገርም። ለመድረሻው «ቴክ ሚ ቱ ዘ ኤርፖርት» አለ። አውርዷችሁ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ «ድሮፕ ሚ ኦፍ» ነው። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ሁለቱን ሲሰሙ ነው የሚውሉት። አሜሪካ ፋርማሲ ስትገቡም «ፒኪንግ አፕ ኦር ድሮፒንግ ኦፍ?» ልትባሉ ትችላላችሁ። የመኪና ጉዳይ መስሏችሁ ግራ አይግባችሁ። የተዘጋጀ መድኃኒት ልትወስዱ ነው ወይስ ማዘዣ ልትሰጡ ማለታቸው ነው።

«ፒክ አፕ ሚ» የሚለውም በጣም ይሰማል። ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ ኢት፣ ዜም መሐል ነው የሚገቡት፦ «ፒክ ሚ አፕ»፣ «ፒክ ኢት አፕ»። ስም ከሆነ በሁለቱም በኩል ይሄዳል፤ «ፒክ አፕ ዘ ፎን» እና «ፒክ ዘ ፎን አፕ» ሁለቱም ልክ ናቸው።

«አፕ»ን መዋጥም አለ። «ፒክ ሚ አት ናይን» ብላችሁ ቴክስት ብታደርጉ ከዐውዱ ይገባቸው ይሆናል፤ ግን «ፒክ» ለብቻው «መረጠ» ነው። (በነገራችን ላይ «ናይን» ሲሉ በኛ ሦስት ሰዓት ነው። መኪናው ቀርቶ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።)

ስለ ሴትና ወንድ ስታወሩ ጠንቀቅ በሉ። «ሂ ፒክት ኸር አፕ አት ኤ ባር» ሲባል በመኪና ወሰዳት ላይሆን ይችላል፤ ጠበሳት ማለትም ነው።

ቋንቋም «ፒክ አፕ» ይደረጋል። ቤሩት ሠርታ ዓረብኛ ለቃቅማ የተመለሰች ልጅ «አይ ፒክት አፕ አረቢክ ኢን ቤይሩት» ብትል ያምራል። ሁለት ዓመት ክፍል ገብታችሁ፣ ፈተና ተፈትናችሁ የተማራችሁትን ግን እንዲህ አትበሉት። «ለርንድ» በሉ፤ ልፋታችሁን አታቃልሉት።

በመጨረሻ ገበያ። ለበዓል ሰሞን ሥራ ሲደራ «ቢዝነስ ኢዝ ፒክት አፕ» የሚሉ አሉ። ገበያው ራሱ ነው የሚነሳው፣ ማንም አያነሳውም። ስለዚህ «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ»። ከደራ በኋላ ደግሞ «ቢዝነስ ሃዝ ፒክት አፕ»። ስትናገሩት «ፒክድ» ብላችሁ «ድ»ን አትርገጡ፤ ድምፁ «ት» ነው፣ ከ«አፕ» ጋር ተያይዞ «ፒክታፕ» ይላል።