በሃርድ ቡት ካርቭ ማድረግ ስትማሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በስኖውቦርድ ላይ በሃርድ ቡት፣ ማለትም በጠንካራው የፕላስቲክ ጫማ፣ ካርቭ ማድረግ (ቦርዱን በጎን ሳያንሸራትቱ በጠርዙ ብቻ መዞር) የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው ጉልበት አንሶት አይደለም። ጉልበት አብዝቶ ነው። ቦርዱን በግድ ለማዞር ይታገላል። ካርቭ ግን እንደዚያ አይሠራም። ቦርዱን በጠርዙ ታቆሙታላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ እሱ ራሱ ይዞራል። የቦርዱ ግራና ቀኝ መሃል ላይ ገባ ብሎ የተቆረጠው ለዚህ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሲጋደምና ክብደት ሲያርፍበት ይጎብጣል፣ የጎበጠበትን መስመር ተከትሎም ይሄዳል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ብዙ ይመስላሉ፤ አብዛኞቹ ግን የሚመጡት ያቺን አንዲት ሰከንድ መጠበቅ ካለመቻል ነው።

ዱካን አለማየት

ካርቭ እያደረጋችሁ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ፍጥነት ስላላችሁና ስላጋደላችሁ ብቻ አይደለም። ቁሙና ዞር ብላችሁ በረዶው ላይ የተዋችሁትን መስመር እዩ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ከጠርዙ ውፍረት ብዙም ያልሰፋ መስመር ከሆነ ካርቭ ነው። በረዶው ተጠርጎ ሰፊ ሆኖ ከታየ ቦርዱ በጎን ተንሸራቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የምታዩት የሁለቱን ቅልቅል ነው፤ የዙሩ መጀመሪያ ሰፊ፣ መጨረሻው ቀጭን። ይህቺን ነገር ልብ በሏት፣ ወደሚቀጥለው ስህተት በቀጥታ ትወስዳችኋለች። ከማንም አሰልጣኝ በፊት የሚነግራችሁ ዱካችሁ ነው፤ ሰው ለምን እንደማያየው አይገባኝም።

ዙሩን በኋላ እግር መጀመር

ለስላሳ ጫማ ለብሶ የተማረ ሰው የቦርዱን ጭራ በኋላ እግሩ ገፍቶ ማዞር ለምዷል። በሃርድ ቡት ይህ ልማድ ያበላሻል። ጭራው ሲገፋ ቦርዱ ይጠማዘዛል፣ ጠርዙ በረዶውን መያዙን ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ መልሶ እንዲይዝ መጣር ብቻ ነው የሚቀረው። የዙሩ መጀመሪያ ሰፍቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ግን ትዕግስት ይጠይቃል። በጣም ለስላሳ፣ ብዙም ያልተዳፋ ቁልቁለት ፈልጉ። ዳገቱን በአግድም እየሄዳችሁ ጉልበታችሁን ወደ ላይኛው ጎን ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉና ምንም አታድርጉ። እውነቴን ነው፣ ምንም። ቦርዱ ራሱ ወደ ዳገቱ ይጠመዘዝና ፍጥነቱ አልቆ ይቆማል። ይህንን በጣት ጎንም (በእግር ጣት በኩል ባለው ጠርዝ) በተረከዝ ጎንም ደጋግሙት። ዱካው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጭን እስኪሆን ድረስ ሁለት ዙር ለማገናኘት አትቸኩሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ሙከራ ትንሽ ትንሽ ወደ ቁልቁል አፍንጫውን አዙራችሁ ጀምሩት።

ባይንዲንጉን በግምት ማሰር

ባይንዲንግ ቡቱን ከቦርዱ ጋር የሚያስረው መያዣ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ራሱን የሚወቅስበት ብዙ ችግር መነሻው ዕቃው ላይ ነው።

የካርቪንግ ቦርድ ጠባብ ነው። ወገቡ፣ ማለትም መሃሉ ላይ ያለው ጠባቡ ስፋት፣ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቡቱ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ እግር በሰያፍ ወደ ፊት መዞር አለበት፤ ቦርዱን በአግድም ከሚያቋርጠው መስመር ሲለካ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ማዕዘኑን ግን ከሌላ ሰው አትቅዱ፣ ከራሳችሁ ቡትና ከራሳችሁ ቦርድ አውጡት። ቡቱን አስራችሁ ከላይ ተመልከቱ። የጣቱ ጫፍ ወይም የተረከዙ ጫፍ ከጠርዙ አልፎ ከወጣ፣ ቦርዱ ሲጋደም መጀመሪያ በረዶውን የሚነካው ቡቱ ነው። ያን ጊዜ ጠርዙን ከበረዶው ያነሳዋል፣ እናንተም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ትወድቃላችሁ። የዚህ አወዳደቅ ክፋቱ ጥሩ ስትሄዱ መምጣቱ ነው፣ በደንብ ባጋደላችሁበት ሰዓት። በተቃራኒው ማዕዘኑን ከልክ በላይ ብታከብዱትና ጣትም ተረከዝም ከጠርዙ ርቀው ወደ ውስጥ ቢገቡ፣ ቦርዱን ለማጋደል የምትሰጡት ኃይል ይደክማል። ጫፍና ጫፉ ከሁለቱም ጠርዞች ጋር እኩል ሲሆን፣ አንዱም ጎን ከሌላው ሳይወጣ፣ ልክ ነው።

የፊተኛው እግር ከኋለኛው ጥቂት ዲግሪ ይብለጥ፣ ለምሳሌ 55 እና 50። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ አንዱ ጉልበት ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ይሳባል። ከፊት ጫማ ጣት ስር፣ ከኋላ ጫማ ተረከዝ ስር ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ማስቀመጫ መጨመር ደግሞ ጉልበቶቹን በምቾት እንዲታጠፉ ይረዳል።

አንድ ነገር እንዳትዘነጉ፦ እነዚህ ባይንዲንጎች እንደ ስኪ ባይንዲንግ በወደቃችሁ ጊዜ ራሳቸው አይፈቱም። የሽቦ መያዣው በቡታችሁ ርዝመት ልክ ካልተስተካከለ ወይ ይላላል ወይ በግድ ይዘጋል፣ ሁለቱም አደጋ ነው። ብሎኖቹም በንዝረት ይላላሉ። ጠዋት ጠዋት በመፍቻ ነካ ነካ አድርጋችሁ ውጡ።

ቡቱን እንደ ድንጋይ ማጥበቅ

ሃርድ ቡት ስለተባለ ቁርጭምጭሚት መንቀሳቀስ የለበትም ማለት አይደለም። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የቡቱን መቆለፊያ በሙሉ ጥርቅም አድርጎ ያስርና የበረዶው ጉብታ ሁሉ በቀጥታ ጉልበቱንና ወገቡን ይመታዋል። ቡቱ ወደ ፊት ትንሽ እንዲታጠፍ ክፍተት ተዉለት። የኋለኛውን ቡት ከፊተኛው ይበልጥ ወደ ፊት አዘንብላችሁ ብትቆልፉት ደግሞ ሁለቱም ጉልበቶች አብረው ለመሥራት ይመቻቸዋል። የስኪ ጫማ ለጊዜው ቢሠራም ሶሉ ረዘም ያለ፣ የፕላስቲክ ቅርፊቱም ግትር ስለሆነ ለመማር አልመክረውም።

የተወዳዳሪ ቦርድ መግዛት

እ.ኤ.አ. በ2018 በፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ በስኪም በስኖውቦርድም ወርቅ የወሰደችውን የቼክ ሪፐብሊኳን ኤስተር ሌዴትስካን ያየ ሰው እንደሷ ያለ ቦርድ ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን የፓራለል ጃያንት ስላሎም (እሷ በስኖውቦርድ ያሸነፈችበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚወርድበት ውድድር) ቦርድ በጣም ረጅምና ግትር ነው፣ የጎን ራዲየሱም (የጎኑ ጥምዝ ቢቀጥል የሚሠራው ክብ ራዲየስ) ትልቅ ነው፤ በተወዳዳሪ ፍጥነት ካልሄዱበት አይጎብጥም። የማይጎብጥ ቦርድ ደግሞ ለጀማሪ አይዞርለትም፣ ስላልዞረለትም በእግሩ መግፋት ይጀምራል። ከ9 እስከ 12 ሜትር ራዲየስ ያለው፣ ለዘብ ያለ ቦርድ ያስተምራችኋል። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለም፣ ጠርዙ ስለት ካለው። ጠርዙ የደነዘዘ ቦርድ ይዞ ጠንካራ በረዶ ላይ ካርቭ ለመማር መሞከር ግን በከንቱ መድከም ነው።

በረዶውን በእጅ ለመንካት መቸኮል

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰው ፎቶ ያያል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው መሬት ለመሬት ተኝቶ፣ እጁ በረዶ እየዳሰሰ ይሄዳል። ጀማሪው ያንን ቅርጽ ለማምጣት ትከሻውን ወደ ውስጥ ይጥላል። ትከሻው ወረደ፣ ቦርዱ ግን አልተጋደመም። ክብደቱ ከጠርዙ ላይ ይነሳና ቦርዱ ከሥሩ ይሸሻል።

ነገሩ ፊዚክስ ነው። 10 ሜትር የጎን ራዲየስ ያለው ቦርድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ ቁልቁለቱን ትተን በቀላሉ ስናሰላው፣ ሳትወድቁ ማጋደል የምትችሉት 18 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ፍጥነቱ 30 ሲደርስ ወደ 45 ዲግሪ ይጠጋል። ማለትም መጋደል የፍጥነቱና የጥምዙ ውጤት ነው፣ እናንተ ቀድማችሁ የምትሠሩት ቅርጽ አይደለም። ቦርዱ በተጋደመ ቁጥር ደግሞ ጥምዙ ይጠብባል፤ ያው ባለ 10 ሜትር ቦርድ 60 ዲግሪ ሲጋደም የሚሠራው ጥምዝ ወደ 5 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ቦርዱን ከሰውነታችሁ ይበልጥ አጋድሉት። ጉልበትና ዳሌ ወደ ውስጥ፣ ትከሻ ግን ከቁልቁለቱ ጋር እኩል እንደሆነ ይቆይ።

ይህንን ለመልመድ በጣም የምወደው ልምምድ አለ፦ በእያንዳንዱ ዙር ከጥምዙ ውጪ በኩል ያለውን እጃችሁን ወደ ፊተኛው ቡት አፍ ዝቅ አድርጉት። ግራ እግራችሁ ፊት ከሆነ በጣት ጎን ዙር ግራ እጅ፣ በተረከዝ ጎን ዙር ቀኝ እጅ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የማይመች ስሜት አለው። ግን ትከሻ ወደ ውስጥ መውደቁን ወዲያው ያቆመዋል፣ ቦርዱም እንዴት አጥብቆ እንደሚይዝ ይሰማችኋል።

በተረከዝ ጎን ወንበር ላይ እንደተቀመጡ መሆን

የጣት ጎን ለብዙ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የተረከዝ ጎን ግን ያንቀጠቅጣል፣ ቦርዱ እየዘለለ ይሸሻል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ እግር ቀጥ ብሎ መቀመጫ ወደ ኋላ ወጥቷል፣ ደረት ወደ ታች ተደፍቷል፣ ሰውነትም እንደ ለስላሳ ጫማ ጊዜ በጎን ቆሟል። እግራችሁ 55 ዲግሪ ወደ ፊት እያየ ዳሌያችሁ ወደ ጎን የሚያይበት ምክንያት የለም። ዳሌን ወደምትዞሩበት አዙሩ፣ ጉልበት እጠፉ፣ ደረት ቀና ይበል፣ ክብደት ዙሩ ሲጀመር ወደ ፊተኛው እግር ይምጣ። አሁንም ከተንቀጠቀጠ ምናልባት ጠርዙን ዘግይታችሁ ይሆናል የያዛችሁት፤ ቦርዱ ወደ ቁልቁል ከዞረ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ገና በአግድም እየሄደ ሳለ፣ አዲሱ ጠርዝ ላይ መሆን አለበት።

ዓይንንም እግረ መንገዴን ላንሳ። የቦርዱን አፍንጫ አትዩ፣ የትም አይሄድም። ዙሩ የሚያልቅበትን ቦታ እዩ።

ዙሩን ሳይጨርሱ መቀየር

በካርቭ ፍሬን የለም ማለት ይቻላል። ፍጥነት የሚቀነሰው ዙሩን በመጨረስ ነው፣ ቦርዱ ቁልቁሉን አቋርጦ ትንሽ ወደ ዳገት እስኪመለስ ድረስ። ጀማሪ ግን አፍንጫው ገና ወደ ታች እያየ ጠርዝ ይቀይራል። የመጀመሪያው ዙር ፈጣን ነው፣ ሁለተኛው ይብሳል፣ ሦስተኛው ላይ ይደነግጥና ጭራውን ይገፋል። ከዚያ «ቁልቁለቱ ከበደኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነት ከብዶት ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ወደ ለስላሳው ቁልቁለት መመለስ ምንም አያሳፍርም። ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ሰከንድ ቢታገስ ኖሮ ቦርዱ ራሱ ያበርድለት ነበር።

ወደ ላይ አለማየት

ካርቭ የሚያደርግ ሰው የመንሸራተቻ መስመሩን ስፋት በሙሉ ይጠቀማል፣ ዙሩን ሲጨርስም ወደ ላይ ይመለሳል። ከኋላው የሚመጣው ስኪተኛ ይህን አይጠብቅም። በዓለም አቀፉ የስኪና ስኖውቦርድ ፌዴሬሽን የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት ከኋላ የሚመጣው ሰው ፊት ያለውን አደጋ ላይ የማይጥል መስመር መምረጥ አለበት። ግን ያው ደንብ ከቆመበት የሚነሳውንም ወደ ዳገት የሚሄደውንም ሰው ላይና ታች እንዲያይ ያስገድዳል። በተረከዝ ጎን ዙር ጀርባችሁ ወደ ቁልቁሉ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ስለሚዞር የሚመጣውን አታዩም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ከላይ ሰው የሌለበትን ክፍተት ጠብቁ፣ በሁለት ዙር መካከልም ትከሻችሁን አሻግራችሁ እዩ። መስመሩ ሲጨናነቅ ዙሩን አጥብቡ ወይም ቁሙ። በማሽን የተስተካከለው በረዶ ሳይፈርስ፣ ሰውም ሳይበዛ ጠዋት በጊዜ መውጣት ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ጠርዙ አጥብቆ ይይዛል፣ መስመሩም ባዶ ነው። ከሰዓት በረዶው ተቆልሎ ሲለሰልስና ሰው ሲሞላ ካርቩን ለነገ አቆዩት።