የሮክ ጊታሪስቶችን ስንኮርጅ የምንሳሳተው ምኑ ላይ ነው?

የጂሚ ሄንድሪክስን ድምፅ ፈልጎ የሄንድሪክስን ጊታር መግዛት። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። ስትራቶካስተር የሚባለው ጊታሩ ጥሩ ዕቃ ነው፣ አይካድም። ግን የሄንድሪክስን አውራ ጣት እዩት። በጊታሩ አንገት ላይ አሻግሮ ወፍራሙን ክር የሚጫነው በእሱ ነው። ያኔ ሌሎቹ ጣቶች ነፃ ይሆናሉ፤ ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) ሳይለቅ መሀል መሀል ላይ ዜማ ጣል ያደርጋል። ይሄን በርካሽ ጊታርም መለማመድ ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት ዲስቶርሽን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር፣ ማብዛት ነው። የኤሲዲሲ ባንዱ ጊታሪስት ማልኮም ያንግ ድምፅ ከሚመስለን በላይ ንጹሕ ነበር። ጉልበቱ የሚመጣው ከወፍራም ክሮቹና ከማይዛነፈው ቀኝ እጁ ነው። ዲስቶርሽን ሲበዛ ኮርዱ ይጨማለቃል፤ የትኛው ክር እንደተመታ እንኳ አይለይም። ቀነስ አድርጉትና ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ።

«ከባድ ድምፅ ማለት ወፍራም ክር ነው» ብሎ መደምደም ግን ሌላ ስህተት ነው። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ተቃራኒውን ነው ያደረገው። በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጅ ደግሞ ይሄው ነው። አለቀለት ሲባል፣ ሁለት ጣቶቹ በእሳት የተጎዱበትን የጃዝ ጊታሪስት ጃንጎ ራይንሃርትን ሰማ። ከዚያ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ እንዳያንሸራትት ቆዳ ለበጠበት። ጣቱን እንዳያመውም ቀጫጭን ክሮች አሰረ። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ደግሞ ክሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገው። ስንቱ የሜታል ባንድ ዛሬም የሚከተለው ዝቅ ያለ ቅኝት እንግዲህ የአንድ የተጎዳ እጅ ዘዴ ነበር።

ቅኝት ሳያጣሩ መታገልም አለ። የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ በብዙ ታዋቂ ዘፈኖቹ ላይ ወፍራሙን ክር አውልቆ በአምስት ክር ነው የሚጫወተው፦ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ። ምንም ሳትጫኑ ብትመቱት እንኳ ሙሉ ኮርድ ይሰጣል። በተለመደው ቅኝት ጣታችሁን ስታጣምሙ ብትውሉ ያ ድምፅ አይመጣም።

ፍጥነት ላይ ብዙ አልልም። ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን በሁለት እጅ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ላይ መምታትን እ.ኤ.አ. በ1978 ለዓለም አሳየ እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የጄነሲስ ባንዱ ጊታሪስት ስቲቭ ሃኬት ቀድሞታል። ኤዲን ኤዲ ያደረገው ሪትሙም ጭምር ነው። ያንን ግን የሚለማመድ የለም።

የመጨረሻው ስህተት ክር ስቦ ድምፅ ከፍ ማድረግ ላይ ነው። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር በዝግታ ይስባል፤ የፈለገው ድምፅ ላይ ግን ልክክ ይላል። ብዙዎቻችን ትንሽ ሳይደርስ እናቆመዋለን፤ ያኔ ጆሮ ይቆረቁራል። ከመሳባችሁ በፊት ሁለት ፍሬት ወደፊት ሄዳችሁ መድረሻውን ድምፅ ተጫወቱት። ከዚያ ተመልሳችሁ ሳቡና እስኪገጥም ድረስ አድምጡ።